ቡችላውን ከበጎቹ ጋር አሳድረው

ልጄ፣ በጎች ገዝተህ ወደ አያትህ መሬት መመለስህን እናትህ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። «ጋሼ፣ ሰው የማያስጠጋ፣ ጅብ የሚጥል ክፉ ውሻ አፈላልግልኝ» ብለህ የላክኸውን መልእክት ሳነብ ግን ከባለቤቴ ጋር ተያይተን ሳቅን። እንዲህ ያለ ውሻ ባገኝም አልሰጥህም። ክፉ ውሻ በር ይጠብቅ ይሆናል፤ በግ ግን አይጠብቅም። ከቡችላነቱ ጀምሮ ደጃፍ ላይ ታስሮ፣ ድንጋይና ዱላ ሲቀምስ የከረመ ውሻ በተፈታ ቀን መጀመሪያ የሚያሳድደው ያንተኑ ጠቦት ነው። በእንስሳት ጤና ሥራ ስዞር በኖርሁበት ዘመን ተነክሰው ከሚመጡልኝ በጎች ስንቶቹን ተኩላ እንደነከሳቸው፣ ስንቶቹን ደግሞ የባለቤታቸው ወይም የጎረቤት ውሻ እንደነከሳቸው ባየህ ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጠይቀኝም ነበር።

በመጀመሪያ ውሻው ምን እንዲሠራልህ እንደምትፈልግ እንወቅ። መንጋ ጠባቂ ውሻ ለውጊያ አይደለም የሚያስፈልግህ። የእኛ አገር ውሻ ደህና ቢመገብ 20 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ጅብ ከ50 ኪሎ በላይ ይሆናል። ብቻውን ገጥሞ እንዲጥለው መጠበቅ ውሻውን ለጅብ እራት ማቅረብ ነው። ውሻ የሚያሸንፈው ሳይገጥም ነው። ጅብም፣ ተኩላም፣ ነብርም ጠላታቸውን መዝነው የሚመጡ አውሬዎች ናቸው፤ የቆሰለ አዳኝ እንደሚራብ ያውቃሉ። ጉረኖው አጠገብ ነቅቶ የሚጮህ ካለ፣ ዙሪያውን እየሸና «እዚህ እኔ አለሁ» ያለ ካለ፣ ጩኸቱን ሰምቶ ባትሪ ይዞ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ያን ቤት ትተው ጠባቂ የሌለውን ይፈልጋሉ። «ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ» ሲባል ሰው ሁሉ የውሻውን ስንፍና ያስባል። እኔ ግን ማደሪያውን ነው የምወቅሰው፤ ማድቤት ደጅ የሚያድር ውሻ ጅቡን የሚሰማው ጉረኖው ከተደፈረ በኋላ ነው።

ደግሞ እወቅ፤ ውሻው የሚጮኸው አንተ እንድትነሣ ነው። ሦስት ሌሊት ጮኾ ማንም ካልወጣለት በአራተኛው ዝም ቢል አትፍረድበት። የጉረኖው ጣሪያና ግንብም ያንተ ሥራ ነው። ነብር የሚዘልለውን አጥር ትተህ ውሻ ብታበዛ ከበጉ ጋር ውሻውንም ታጣለህ።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ፤ ከተማ ስለቆየህ እዚህ ላይ እንዳትታለል እፈራለሁ። አዲስ አበባ መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጡት ቡችሎች «የጀርመን ሸፐርድ ልጅ ነው» እየተባለ ዋጋቸው ይሰቀላል። ጀርመን ሸፐርድ በግ የሚነዳ የውሻ ዘር ነው፤ ነጂ ውሻ ደግሞ በግ ሲሮጥ ሲያይ ልቡ ሩጥ፣ አሳድድ ይለዋል። ያ ጠባይ ከሰለጠነ እረኛ ጋር ጥሩ ነው፤ ሌሊት ብቻውን ከበጎች ጋር ለሚያድር ውሻ ግን አይሆንም። ለጥበቃ ተብለው ለብዙ መቶ ዓመታት የተመረጡ ዘሮችማ አሉ፤ ቱርኮች ከሲቫስ አካባቢ የሚያወጡት ካንጋል፣ የጣልያኑ ማሬማ፣ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ያለው የፒሬኒስ ነጭ ውሻ። ናሚቢያ ውስጥ ላውሪ ማርከር የመሠረተችው የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የቱርክ ውሾችን ዘር እያራባ ለገበሬዎች ይሰጣል፤ ፍየሉን ያልተነጠቀ ገበሬ አቦሸማኔ አይገድልም በሚል ሐሳብ። መልካም ሥራ ነው። አንተ ግን 50 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በገብስ ቂጣና በአጓት አታኖረውም።

የሚያጽናናው ነገር፣ ዘሩ የተባለውን ያህል ወሳኝ አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት ናቫሆዎች በጎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን የሚያስጠብቁት በተደባለቁ የመንደር ውሾች ነው፤ ቡችሎቹን ገና በትንሽነታቸው ከመንጋው ጋር በረት ያስገቧቸዋል። በቦትስዋናም አቦሸማኔን ለመጠበቅ የሚሠሩ ሰዎች የአገሬውን የጽዋና ውሻ መርጠው ውጤቱ ደስ አሰኝቷቸዋል፤ ዋጋውም ምግቡም ቀላል፣ ሙቀቱንና በሽታውን የለመደ ነው። የእኛም ውሻ ብርዱን የለመደ፣ ጥቂት በልቶ የሚጠግብ፣ ጆሮው ንቁ ነው። ሞያውን የሚያጣው በአስተዳደጉ ነው።

አስተዳደጉ ላይ ልቆይብህ፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳህ ይህን ያዝ። ቡችላ ዐይኑን የሚገልጠው በተወለደ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ሦስትና አራት ወር ድረስ «ወገኔ ማን ነው?» የሚለውን የሚወስንበት ጊዜ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡችሎችን ለዓመታት ሲከታተሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት መጽሐፍ ይህን ጊዜ በደንብ አሳይተዋል። በእነዚያ ሳምንታት ዐይኑ ሥር የዋለ፣ አጠገቡ የተኛ፣ ሽታው አፍንጫው የገባ ፍጡር ሁሉ ዕድሜ ልኩን ዘመዱ ነው። ሰው ብቻ ካየ የሰው ውሻ ይሆናል። ከውሾች ጋር ብቻ ካደገ መንጋ ትቶ ከመንደር ውሾች ጋር ይዞራል። ከበጎች ጋር ካደገ ግን በጎቹን ጥሎ መሄድ ያስጨንቀዋል፤ ጭንቀቱም ጥበቃው ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ዱላም፣ ሥጋም፣ ልመናም አይመልሰውም።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። ቻርለስ ዳርዊን የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1833 በዛሬዋ ኡራጓይ ሲያልፍ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ በርካታ በጎችን የሚጠብቁ ውሾች አይቶ ተገርሞ ጠየቀ። ቡችላውን ገና ሳይጠና ከእናቱ ይለዩትና በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከበግ ጡት ያጠቡታል፣ በጉረኖው ውስጥ የሱፍ ጎጆ ይሠሩለታል፣ ከሌሎች ውሾችና ከቤቱ ልጆች ጋር እንዲጫወት አይፈቅዱለትም፤ አብዛኛውን ጊዜም ያኮላሹታል። ከሁሉ ያሳቀኝ ሌላው ነው። ውሻው በየቀኑ ሥጋውን ሊቀበል ወደ ቤት ይመጣል፤ ሥጋውን እንደ ያዘ ያፈረ ይመስል ይሮጣል፤ የቤቱ ውሾች፣ ትንሿ ሳትቀር፣ ያሳድዱታል። መንጋው ዘንድ በደረሰ ቅጽበት ግን ዞሮ ሲጮህባቸው አሳዳጆቹ ሁሉ ጭራቸውን ቆልፈው ይመለሳሉ። ድፍረቱን የሚያገኘው ከበጎቹ መሐል ሲሆን ነው። አንተ የምትፈልገው ውሻ ይህ ነው፤ ደጃፍህ ላይ የሚያገሳው አይደለም።

ከበግ ጡት ማጥባቱን ተወው፤ አያስፈልግም። የእናቱ ወተት ይሻለዋል፤ እስከ ሰባት ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር ይቆይ፣ ከእኅት ወንድሞቹ ጋር እየተነካከሰ የንክሻውን ልክ ይማር። ከዚያ በቀጥታ ጉረኖ ይግባ። ከጉረኖው አንዱን ጥግ በእንጨት አጥረህ ለቡችላው የሚበቃ ቀዳዳ ተውለት፤ እሱ ይወጣል ይገባል፣ በጎቹ ግን ምግቡን አይደርሱበትም፣ ሲገፉትም መሸሻ ያገኛል። መኝታው ላይ የተሸለተ ሱፍ ጣልለት። መጀመሪያ የምታስገባለት ጡት የጣሉ ጠቦቶችና ገራም በጎች ይሁኑ፤ አዲስ የወለደች በግ ቡችላ አታስጠጋም፣ በግንባሯ ወግታ ልትሰብረው ትችላለች። ቀለል ያለ ግፊያ ግን አይጎዳውም፤ እንዲያውም በግ መከበር እንዳለባት ያኔ ነው የሚማረው። በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ጠዋትና ማታ ሄደህ እየው፤ በጎቹ ሲሸቱት አንገቱን ዝቅ የሚያደርግ፣ ጀርባው ተገልብጦ የሚተኛላቸው፣ አፋቸውን የሚልስ ከሆነ መንገዱን ይዟል።

ሰው በፍጹም አይንካው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በእጅ የማይያዝ ውሻ ክትባት አይወጋም፣ ቁስሉ አይታጠብም፣ ገመድ አይገባለትም። በየቀኑ ጉረኖው ውስጥ እንዳለ አፉን ክፈት፣ እግሩን አንሣ፣ ጆሮውን እይ፣ ጥቂት ጊዜ እሰረውና ፍታው፤ ስሙን ጥራ፤ ከዚያ ጥለኸው ውጣ። ልጆችህ ግን ተሸክመው ወደ ቤት እንዳያመጡት፤ ይህ ከሁሉ የሚከብድህ ትእዛዝ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ቡችላ ደግሞ ያምራል። ደግነቱ እኛ ዘንድ ውሻ ቤት አይገባም። ፈረንጆቹ ከሶፋ ላይ ለማውረድ የሚታገሉትን እኛ በልማዳችን ከደጅ አቁመነዋል፤ አንድ እርምጃ ጨምረን ወደ ጉረኖው ማስገባት ብቻ ነው የሚቀረን።

ከአንድ እናት ሁለት ቡችላ አትውሰድ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይዋደዱና በጎቹን ይረሳሉ፤ ጉልበት ሲያወጡ ደግሞ ተባብረው ጠቦት ያሯሩጣሉ። አንዱ አድጎ ሥራውን ከያዘ በኋላ ሌላ ትንሽ ብታመጣ ትንሹ ከእኔም ከአንተም የተሻለ መምህር ያገኛል። ስትመርጥም እናቱን ተመልከት፤ ከበጎቹ ኋላ የምትሄድ፣ እረኛው ሲጠፋ ከመንጋው የማትለይ ከሆነች ልጇን ውሰድ። ከቡችሎቹ መሐል ያገኘውን ጭራ ሁሉ እየነከሰ የሚጎትተውን ተው፤ ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠውንም ተው። ረጋ ብሎ የሚያይህን ያዝ።

አሁን የሚያስለቅስህን ወቅት ልንገርህ። ውሻው ስድስት ወር ከሞላው በኋላ፣ አንዳንዱም እስከ ዓመት ከመንፈቅ፣ ያ ገራም የነበረው ጎረምሳ ይሆናል። ይጫወታል፤ ግን የሚጫወትባቸው በጎቹ ናቸው። ጠቦቷን ያሯሩጣል፣ ሱፏን ይነጫል፣ ጆሮዋን ያኝካል። ክፋት የለውም፤ ነገር ግን በጨዋታ የሞተች ጠቦትም ሞታለች። ብዙ ሰው ውሻውን የሚጥለው ወይም የሚገድለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጥቂት ወር ቢታገሠው ጥሩ ጠባቂ የሚሆነውን። ምን ታደርጋለህ? ሲያሯሩጥ እጅ ከፍንጅ ስትይዘው ድምፅህን ከፍ አድርገህ ቆጣው፣ ከጠቦቶቹ ለይተህ ለጥቂት ቀን ከማይቀልዱ አውራ በጎች ጋር አኑረው፤ እነሱ በቀንዳቸው ይመክሩታል። ከአንገቱ ማሰሪያ ላይ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ አጭር እንጨት ብታንጠለጥልበት ሲራመድ አይከለክለውም፣ ሊሮጥ ሲል ግን እግሩን እየመታ ያስቆመዋል። ካለፈ በኋላ፣ ማታ ላይ፣ «ጠዋት ጠቦት ነክሰሃል» ብለህ ብትደበድበው የሚማረው አንተን መፍራት ብቻ ነው። ሙሉ እምነት የሚጣልበት ከዓመት ከመንፈቅ እስከ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ በጎች በሚወልዱበት ሰሞን ብቻውን አትተወው። ገድሎ የበላ ውሻ ግን ሌላ ነው፤ ሥጋውን ከቀመሰ በኋላ ታርሟል የሚልህን አትስማ።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለውን አባቶቻችን በሌላ አገባብ ቢሉትም ለዚህ ሥራ ቃል በቃል ይሠራል፤ ምግቡን ማድቤት ደጅ አታቅርብለት፣ ጉረኖው ውስጥ ስጠው። የገብስ ቂጣ፣ የተረፈ እንጀራ፣ አጓት፣ ሲገኝ የተቀቀለ ሥጋና አጥንት። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አታብዛበት፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። በሁዳዴም ቢሆን ውሻው አይጾምም፤ በጾም ወቅት ከቤቱ ጋር አብሮ የሚከሳ ውሻ ጥቂት ቆይቶ ራሱ አደን ይወጣል፣ ያደነውም ከጎረቤትህ ይሆናል፣ ሽምግልናው ደግሞ በአንተ ላይ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የምነግርህ ከሙያዬ ነው፤ ዋናውን ነገር በሙሉ ትኩረት አንብበው። መንዝ ውስጥ እየዞረች የምትወድቅ፣ አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዙራ የምትቆም፣ ከመንጋው ተለይታ ግድግዳ የምትገፋ በግ አይተህ ታውቃለህ። «አዙሪት ይዟታል» ይባላል። ይህ በሽታ የሚመጣው ከውሻ ነው ብልህ ይገርምህ ይሆናል። በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር የኮሶ ትል ዓይነት አለ፤ እንቁላሉ ከውሻው ኩስ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ በጓ ሣሩን ስትበላ እንቁላሉ በደሟ አልፎ ጭንቅላቷ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል፤ ከረጢቱም አንጎሏን ሲጫን መዞር ትጀምራለች። እስከዚህ ድረስ የበጓ ጥፋት የለበትም፣ የውሻውም የለበትም። ጥፋቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። በጓ ተስፋ ሲቆረጥባት ትታረዳለች፤ ሥጋው ይበላል፤ ጭንቅላቱ ለውሻው ይወረወራል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሁሉ በውሻው አንጀት ትል ሆኖ ያድጋል፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እንቁላል መጣል ይጀምራል፤ ውሻውም የሚጸዳዳው በጎቹ በሚሰማሩበት መስክ ላይ ነው። በገዛ እጃችን የከርሞውን አዙሪት ዘራን ማለት ነው። ከጠባቂ ውሻ የበለጠ ከበጎች ጋር የሚውል የለምና፣ ይህን ያላሰበ ሰው ከተኩላ ያዳናትን በግ በትል ያጣታል።

ሌላም አለ። ስታርድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ኳስ የሚመስል ካየህ፣ ያ ከሌላ የውሻ ትል የመጣ ነው፤ ይኼኛው ሰውንም ይይዛል። ውሻ የሚደባብስ፣ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ እንቁላሉን ቢውጥ ከረጢቱ በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለውሻህ የታረደ በግ ጭንቅላት፣ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጥ። ልትሰጠው ከፈለግህ ግማሽ ሰዓት በሚገባ ይፍላ። ውሃ የቋጠረውን ደግሞ አቃጥለው፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበረው። ለአዲስ ዓመት፣ ለመስቀል፣ ለፋሲካ በየግቢው ሲታረድ የመንደሩ ውሾች ሁሉ በደጅ ተሰልፈው ያድራሉ፤ የዓመቱ ትል የሚዘራው በነዚያ ቀኖች ነው። ጎረቤቶችህንም ንገራቸው፤ ያንተ ጥንቃቄ ብቻውን መስኩን አያጸዳም።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ከእንስሳት ጤና ኬላ ጠይቅ። ልኩ ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ በየስድስት ሳምንቱ ብትሰጠው ትሉ እንቁላል መጣል ሳይጀምር ይመነጠራል። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ከሰጠኸው በኋላ ለሁለት ቀን እሰረውና ኩሱን ሰብስበህ ቅበር። አያቶቻችን ለራሳቸው በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ለውሻው ግን ማንም አላሰበለትም፤ እነሱ ባያውቁ አይፈረድባቸውም።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ስነግርህ የሕክምና ጓደኞቼ ፊት ይታየኛል፤ ምልክቱ የጀመረውን ሰው ለማዳን አንዳቸውም ምንም ማድረግ አልቻሉም። በዓለም ላይ ሰው የሚይዘው ይህ በሽታ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የመጣ ነው። ውሻህ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፣ ከዓመት በኋላ ይደገምለት፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚነግርህ ጊዜ። በሰፈሩ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል፤ ስለዚህ በክትባት ቀን የጎረቤትህንም ውሻ ጎትተህ ሂድ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። የባህል መድኃኒት ልሞክር ብሎ የቆየ ብዙ ሰው ቀብረናል። ነካሹ ውሻ ጤነኛ የሚመስል ከሆነ ወዲያው ገድላችሁ አትጣሉት፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ፤ የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን ይህን አይጠብቅም።

የአንተ መሬት ቀይ ቀበሮ ከሚኖርበት ከጓሳ ብዙም አይርቅምና ይህም ይጨመርበት። ቀይ ቀበሮን ሰው ያለ ስሙ ይከስሰዋል። እሱ የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው፤ ጠቦትህን የሚያስጨንቀው አብዛኛውን ጊዜ ተኩላ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ አዳም የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም በእኛ ደጋ ናቸው። የሚጨርሳቸው ደግሞ ጥይት ሳይሆን የውሻ በሽታ ነው። ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ከእረኞች ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት ሦስቱን ያህል ፈጃቸው፤ በ2008ና በ2014 ደግሞ ተመልሶ መጣ። ወንድ ውሾች ከሴት ቀይ ቀበሮዎች ጋር ተዳቅለው የወለዱበት ጊዜም አለ። ከመንጋው ጋር ወደ ላይኛው ግጦሽ የሚወጣ ውሻ ያልተከተበ ከሆነ ቤት ይቅር፤ ወንድ ከሆነ ይኮላሽ። የተኮላሸ ውሻ ወኔው ይጠፋል የሚሉህን አትስማ፤ የሚጠፋው ሴት ፍለጋ ሦስት ቀን ከመንጋው መሰወሩ ነው። የኡራጓይ ሰዎችም ይህን ያውቁ ነበር።

የእረኛውን ልጅ ጉዳይ ረስቼው ነበር። ልጁ ውሻ ባየ ቁጥር ድንጋይ የሚያነሣ ከሆነ ሥራህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከበጎቹ አጠገብ በድንጋይ የተመታ ውሻ ከበጎቹ መራቅን ይማራል። ልጁን አስቀምጠህ ንገረው፤ ውሻው የሥራ ባልደረባው እንጂ መጫወቻው እንዳልሆነ ይረዳ። በመንገድ ለሚያልፉ ጎረቤቶችም ውሻውን ገና ትንሽ ሳለ አሳያቸው፤ ሽታቸውን ይልመድ።

የእኔ ጥቁሯ ሴት ውሻ ከወለደች አሥር ቀን ሆኗታል፤ አምስት ናቸው። አንደኛው ለአንተ ነው። ሰባት ሳምንት ሲሞላቸው ና፤ እስከዚያ የጉረኖውን ጥግ አጥረህ ጨርስ፣ ጣሪያውንም እየው፣ ከኬላውም የክትባቱን ቀን ጠይቀህ ጻፍ። ስትመጣ ከበጎችህ ሥር ለጥቂት ቀን ያነጠፍኸው ማዳበሪያ ጆንያ ይዘህ ና፤ በመንገድ ላይ የሚተኛበት እሱ ይሁን። ከአምስቱ ሁለቱ ሴት ናቸው፤ ለጀማሪ ሴቷን ነው የምመርጥልህ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላትን ከፈለግህ ቶሎ ንገረኝ፤ ጎረቤቴ ዐይኑን ጥሎባታል።